ሁለት ጣት ቀርከሃ

ከቤቴ ቁልፍ ጋር የታሰረች፣ ሁለት ጣት የምታህል የቀርከሃ ቀለበት አለችኝ። የአሶሳ ዝናብ ሲያገኛት ዛሬም ድረስ የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ አላት። ያዩዋት ሁሉ «ይህቺን ኮተት ለምን አትጥያትም?» ይሉኛል። እኔ ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ በደረሰ ቁጥር ጆሮዬ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ከቀርከሃ ግድግዳ ጀርባ መንደር ሙሉ ሰው ገላውን ሲያክ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከጤና ኮሌጅ ወጥቼ ሁሉን የማውቅ በሚመስለኝ ጊዜ፣ ለአንድ የመድኃኒት ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የተመደብኩበት መንደር ከባምባሲ መንገድ ወርደው በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ ፈጣን ወንዝ ዳር ያለ ነበር። በሽታውን እኛ የጤና ሰዎች «ኦንኮ» እንለዋለን። ወንዝ ዳር የሚፈለፈሉ ጥቁር ትናንሽ ዝንቦች ሲነክሱ ቆዳ ውስጥ ትል ይተዋሉ፤ የትሉ ልጆች እየበዙ ዓመታት ቆይተው ዓይን ድረስ ዘልቀው ያሳውራሉ። ጥናቱ መድኃኒቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ይሻል እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ክኒኑ የሚሰጠው በቁመት ልክ ነው፤ ለረጅም ብዙ፣ ለአጭር ጥቂት። መለኪያው ላይ ካለው ቀይ መስመር በታች ለሆነ ሕፃን ግን ጭራሽ አይሰጥም።

የቁመት መለኪያችን ገና በመጀመሪያው ጉዞ ከመኪናው ጣሪያ ወድቆ ተሰበረ። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ሜትራቸውን አውጥተው ያረፍኩበት ቤት አዛውንት በቀርከሃ እንዲሠሩልን አደረጉ። አዛውንቱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በእጃቸው ግን የማይሠሩት ነገር አልነበረም። እኛ ጣታቸውን ምልክቱ ላይ አሳረፍንላቸው፣ እሳቸው በቢላ ጫሩ፣ እኔ ቀይ ቀለም ቀባሁ። የት ጋ ቀይ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ የእሳቸው ጣት ያውቀው ነበር።

መለኪያው ሲቆም ግን መንደርተኛው ራቅ ራቅ አለ። ለካ በዚያ መንደር በቀርከሃ የሚለካው ሬሳ ነው፤ የመቃብሩ ርዝመት እንዲታወቅ። ሬሳ የለካ ቀርከሃም ወደ ቤት አይመለስም። አዛውንቱ በልጅ ልጃቸው እየተመሩ መጥተው ጀርባቸውን ለቀርከሃው ሰጥተው ቆሙ።

«እኔ ልለካ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። «እኔ ዓይን ሞቶ የለ? ግማሽ ተቀብሯል።»

ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ተሰለፈ። የልጅ ልጃቸው አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ለዕድሜዋ በጣም ያጠረች። ከቀዩ መስመር ሦስት ጣት ጎደላት። «አንቺ ገና ነሽ» ስላት እንዴት አለቀሰች! አያቷን በዱላ ስትመራ የምትውል ልጅ ናት፤ ዓይን ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን ለቀርከሃው ሰጥታ፣ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ «ደረስኩ?» ትለኝ ነበር።

ክኒኑ በተሰጠ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ ነው ያንን ድምፅ የሰማሁት። መድኃኒቱ ትሎቹን ሲገድል ቆዳ ያሳክካል፤ ይህንን ተምሬዋለሁ። ግን መማርና መስማት ለየቅል ናቸው። ፀሐይ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ስትወርድ ከየቤቱ ክርችች፣ ክርችች የሚል ደረቅ ድምፅ ተነሣ። የሚያወራ ሰው የለም፤ ሁሉም ያካል።

«ልጄ፣ ትሰማለህ?» አሉኝ አዛውንቱ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «እየወጣ ነው። ወላሂ፣ እኔ ዘመን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ...» ብለው አልጨረሱትም።

ሁለተኛው ዙር ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ቀርከሃውን ያን ሁሉ መንገድ ማን ይሸከማል ብዬ አዛውንቱ ቤት ትቼው ሄጄ ነበር። የተመለስኩ ዕለት ከወንዙ ጉም ተነሥቶ ሰልፉን በግማሽ ሸፍኖታል። መጀመሪያ የቆመችው ልጆቿን የዳረች ሴት ናት። አነበብኩ፣ መዝገቡን አየሁ፣ ደግሜ አነበብኩ፤ ሁለት ጣት አድጋለች። ቀጥሎ ባሏ፤ እሱም ሁለት ጣት። ጎረምሳው፣ ጎባጣዋ አሮጊት፣ ሁሉም! አዛውንቱም ጭምር ረዝመዋል። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት በቀስታ የተናገረችው ቃል ዛሬም አልወጣልኝም።

«ቀርከሃው ነው። የለካውን ሰው ወደ መቃብር እየጎተተ ነው።»

ማንም አልሳቀ። የተማርኩት እኔ እንኳ አልሳቅኩም።

በዚያ መሐል ትንሿ ልጅ መጥታ ቆመች። አናቷ ቀዩ መስመር ላይ ልክ ገጠመ። «ደረስኩ?» አለችኝ። በዚያ አስፈሪ ጠዋት ደስ የሚለው ነገር እሷ ብቻ ስለነበረች «ደረስሽ» አልኩና ክኒኑን ሰጠኋት። ሰው ሁሉ ሲያድግ ቀርከሃውን መመርመር ሲገባኝ እኔ ሰዉን እመረምራለሁ! እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ተከደኑ። እናቷ ማንጎው ሥር አቅፋት ተቀምጣ ደጋግማ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች። «ዓይን ይጠፋል?»

«አይጠፋም» እላለሁ፤ እኔ ግን አላውቅም። በእርጥብ ጨርቅ ፊቷን ሳብስ አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለች የቀርከሃ ቀለበት ጣቴን ነካችኝ። ሁለት ጣት ታህላለች። ክሩን ፈትቼ ሄድኩና ከመለኪያው ግርጌ ጋር አጋጠምኳት፤ ልክክ አለች። ምስጥ የበላው አይደለም፣ በስለት የተቆረጠ ነው፤ ግርጌው ሲቆረጥ መስመሮቹ ሁሉ ሁለት ጣት ወርደዋል። ከጎደላት ሦስት ጣት አንዱን ልጅቷ ራሷ አድጋዋለች፤ ሁለቱን አያቷ ጨምረውላታል።

ወደ ማንጎው ሥር ስመለስ፣ ከልጅቷ አጠገብ የተቀመጡት አዛውንት ኮቴዬን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«የእኔ ዓይን ሄደ። እሷ ዓይን አይሄድም። ዝንብ ስድስት ወር ይጠብቃል እንዴ?»

«አሁንስ ብትሞት?»

ያበጠ ፊቷን በጣታቸው መዳሰስ ጀመሩ፤ ቀርከሃውን እንደሚያነቡት፣ ቀስ ብለው።

አንድ ቀን ሙሉ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክኒኑን በወሰደች በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ዓይኗን ከፈተች፣ ከዚያ ሌላውን፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ማንጎ ነው። እናቷ «አልሐምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ዶክተሩን ልደብቃቸው አስቤ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን የመንደሩ መጠን ሁሉ ተዛብቷል፤ ቀለበቷን ይዤ ሄጄ ነገርኳቸው። «መስመሩ ክፋት አይደለም» አሉኝ ቁጣቸው ሲበርድ። «ከዚያ በታች ላሉት መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ ገና ስለማናውቅ ነው።» የዚያ ዙር መረጃ ተጣለ። እሳቸው ራሳቸው ሜትራቸውን ይዘው መጥተው መንደሩን እንደገና ለኩ፤ ሰዉ ሁሉ በአንድ ቀን ሁለት ጣት አጠረ። «ትናንት ረዘምን፣ ዛሬ አጠርን፤ ነገ ደግሞ ምን ታደርጉናላችሁ?» አለ አንዱ። አዛውንቱ ከማንጎው ሥር ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

ለሦስተኛው ዙር ስሄድ አዛውንቱን በሕይወት አልደረስኩባቸውም። እርጅና ነው፣ አሉኝ። እኔ ግን ያቺ ሴት በጉም ውስጥ ያለችው ትዝ አለኝ። ሬሳቸውን የለካው የእኛው ቀርከሃ ነበር፤ ቤት ውስጥ በእጅ የተገኘው እሱ ነው። ወደ ቤት አይመለስምና ከመቃብራቸው ራስጌ ላይ ተክለውታል።

ትንሿ ልጅ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከአያቷ በኋላ ሰው መምራት ልማድ ሆኖባት ነው መሰለኝ ቀድማኝ ትሄድ ነበር። እመቃብሩ ዘንድ ስንደርስ እጄን ለቀቀች፣ ጀርባዋን ለቀርከሃው ሰጠች፣ እጇን አናቷ ላይ አደረገች።

«ደረስኩ?»

ቀርከሃው አፈር ውስጥ ጠልቋል። ቀዩ መስመር ትከሻዋ ጋ ነበር። በኋላ በዶክተሩ ሜትር ስለካት አንድ ጣት እንደሚጎድላት ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር፤ ባውቅም የምመልሰው ያንኑ ነው።

«ደረስሽ» አልኳት።

ዞራ መስመሩን አየች፤ በሁለቱም ዓይኖቿ፣ ጥርት አድርጋ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በእነርሱ ቋንቋ ለአፈሩ የሆነ ነገር ነገረችው። ቀለበቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ልመልስላት ነበር ያመጣኋት። አልጠየቀችኝም፤ እኔም ሳልሰጣት ተመለስኩ።