በኮምፒውተሩ ላይ ያልሞቱት ጋሽ ኩማ

ልደታ ማርያም ጀርባ ያለው እድራችን እንደ ፋዮ ያለች ታጋሽ ጸሐፊ አግኝቶ አያውቅም። ብቻዋን የምትኖር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። እኔ ብሆን ያንን ኮምፒውተር በመጀመሪያው ሳምንት በመስኮት እወረውረው ነበር።

የአባላቱን መዝገብ ቅጽ ኮምፒውተሩ ላይ የሠራልን የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ቤኪ ነው። አባወራው «ሞቷል» ተብሎ ምልክት ሲደረግበት የቤተሰቡ ስም ሁሉ አመድ መስሎ ይደበዝዛል፤ ቢነካኩት አይሠራም። የሚከፈተው «ሞቱን ያስታወቀ» የሚለው ቦታ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ባል ሲሞት እድሩ ለሚስት እንደሚተላለፍ ረስቶታል።

ጎማ ጠጋኙ ጋሽ ኩማ በ2001 ሲያርፉ ፋዮ ምልክቱን አደረገች። ሚስታቸው እማማ ወርቄ አጠገቧ ቆመው የራሳቸው ስም ሲደበዝዝ አዩ።

«ምነው ልጄ፣ እኔንም አብረሽ ቀበርሽኝ?»

«ማሽኑ ነው እማማ።»

«ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። መዋጮ ስቀር በሬን የሚያንኳኳው እድሩ ነበር። አሁን ብሞት ማን ያውቃል?»

ፋዮ አንጀቷ አልችል አለና ምልክቱን አነሳችው። የእማማ ስም ተመለሰ፤ ጋሽ ኩማም አብረው ተመለሱ።

«ይኑር» አሉ እማማ ፈገግ ብለው። «ስሞት የሚናገርልኝ አገኘሁ።»

መዋጮ ልከፍል መጥቼ እዚያው ቆሜ ነበርና ሰምቼ ሳቅኩ። ፋዮ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ያንን ገጽ መክፈት ትፈራ ነበር፤ የጋሽ ኩማ ስም ከሌሎቹ ይልቅ የደመቀ ይመስላታል። ቤኪ ነገ አስተካክላለሁ እያለ ዓመት አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮውን ስትከፍት ገጹ ተከፍቶ ጠበቃት። ቁልፉ ከእሷ በቀር ማንም ጋ የለም። የእማማ ወርቄ ስም ብቻውን አመድ መስሏል። «ሞቱን ያስታወቀ» የሚለው ቦታ ላይ «ኩማ» ተብሎ ተጽፏል።

እየሮጠች መጥታ ጠራችኝ። የእማማን በር ገፍተን ገባን። እማማ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ገላቸው ገና አልቀዘቀዘም። እኔ አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

በወግ በማዕረግ ቀበርናቸው። ቤኪ ከች ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቅጹን አስተካክሎ፣ ጋሽ ኩማ ላይ «ሞቷል» ሊል እጁን ሲዘረጋ ፋዮ ያዘችው።

«እሳቸውን እንዳትነካ» አለችው። «እኔም ብቻዬን ነኝ።»