ወደ መንገዱ ያወጣሁት ግድግዳ

የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ እናቴ ሁለት ቤት ነበራት። አንደኛው ከደብረ ታቦር መውጫ፣ መኪና መንገዱ ዳር፣ አባቴ ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ የሠራው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሁለተኛው ከጓሮ ያለች፣ እንጨትና ጭድ የምናስቀምጥባት የሣር ጎጆ ነበረች። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጎጆዋን መኖሪያ ብሎ መዘገባትና የመንገድ ዳሩን ቤት ትርፍ አደረገው። በሳምንቱ እኛ ጎጆዋ ውስጥ ስንገባ እሱ ቤተሰቡን ይዞ ቤታችን ገባ።

እናቴ የት ወድቄ ልደር ብላ ስትጠይቀው በራችን ላይ ቆሞ፣ «አንቺንም ትርፍ ሰው ነሽ ያላልንሽ አብዮቱ ርኅሩኅ ስለሆነ ነው» አላት። በዕድሜ እናቱን ታክላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ሃያ ዓመቴ ነው። ለብዙ ዓመት ያንን ንግግሩን እንደ ዳዊት ስደግመው ኖርሁ።

በአባቴ መጋዝና መዶሻ አናጢነት ተማርሁ። የወረታ ወልድያ መንገድ ሊሠራ ቀያሾች ሲመጡም ጥቂት ሳምንት ሜትር ጎታች ሆኜ ተቀጠርሁ። በቤታችን ፊት የአዲሱን መንገድ ጠርዝ የሚያመለክተው ችካል የተተከለው ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ርቆ ነው። ሊቀ መንበሩ ያን ሰሞን ለሥልጠና ጎንደር ነበር። እሱ ሳይመለስ ሰዉ ችካሉን ሁሉ ለማገዶ ነቀለው። ልኩ ግን ከእኔ ራስ አልተነቀለም።

በዓመቱ ሊቀ መንበሩ አስጠራኝ።

«መኪናው በዝቷል» አለኝ። «ባለቤቴ ሻይ ቤት ትክፈት ብያለሁ። የፊቱን ግድግዳ አፍርሰህ ሦስት እርምጃ ወደ መንገዱ አውጣልኝ።»

«ተሳፋሪ ከሩቅ እንዲያየው አራት ይሻልዎታል» አልሁት።

ትንሽ አሰበ። «ከቀያሾቹ ጋር ሠርተሃል አሉ። መንገዱ አይደርስብኝም?»

«የቀበሌ ሊቀ መንበርን ቤት ማን ደፍሮ ይነካል፣ ጓድ?»

ሳቀ፤ ደስ አለው።

የአባቴን ግድግዳ ያፈረስሁት እኔው ነኝ። እናቴ ከጎጆዋ ደጅ ተቀምጣ ታየኝ ነበር፤ ምክንያቱን አልነገርኋትም። አዲሱን አሳምሬ ሠራሁት። ምርጥ ባሕር ዛፍ አቆምሁ፤ ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡክቼ ሁለት ጊዜ ለሰንሁት፤ የጣራውንም ሸክም በፊቱ ቋሚዎች ላይ አሳረፍሁት። ሲፈርስ እንዲያንገበግበው ፈልጌ ነው።

ሻይ ቤቱ አንድ በጋ ሠራ። ከእብናት እህል ጭኖ የሚመጣ ሁሉ እዚያ ይቆም ነበር። ከዚያ ዶዘሩ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ወረቀት ይዞ መሐንዲሱን ተከራከረ፤ መሐንዲሱ ካርታውን አሳየው። በገበያ ቀን፣ አገር ቆሞ እያየ፣ ሰውየው ብርጭቆና አግዳሚ ወንበር በእቅፉ ሲያወጣ ዋለ። የፊቱ ግድግዳ ሲገፋ ጣራው ተከትሎ ወረደ፤ ከቤቱ የጀርባው ግድግዳ ብቻ ቀረ። እኔ ከሰዉ ፊት ወጥቼ ቆምሁ፤ እንዲያየኝ።

ጎጆ ስመለስ እናቴ፣ «አውቀህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የአባትህ ቤት ነበር እኮ፣ ልጄ።» ይህን ብላ ወደ ምድጃዋ ዞረች። ቦታውንም አላገኘነውም፤ ቀበሌው የእህል መጋዘን ሠራበት።

ከሥልጣኑ ከወረደ በኋላ አንበሳሜ ገበያ ላይ ተገናኘን። ሸብቷል። ሰላም ብሎኝ፣ «ያኔ መንገዱ እንደሚደርስ ታውቅ ኖሯል?» አለኝ።

አላውቅም ነበር ብዬው ቢሆን እሱም ይገላገል ነበር።

«ልኩን የያዝሁት እኔ ነኝ» አልሁት፤ ዓይኑን እያየሁ። ሌላ ሳልጨምር በሬ ተራውን አልፌ ሄድሁ። እናቴ ብትሰማ በዚያም ታዝንብኝ ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን ራት በደንብ በላሁ።