ለቱኒ ፉፑ የተነበበው ምዕራፍ

መጽሐፍ ጽፎ መጨረስ ሥራ መጨረስ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በየካቲት ዳካ ይሂድና የመጽሐፍ አውደ ርዕዩን ይይ። መህጃቢንም እንደዚያ መስሏት ነበር። ራጅሻሂ ከተማ ሒሳብ የምታስተምር፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ከፈተና እርማት በተረፋት ሰዓት አራት ዓመት ስትጽፍ ቆይታ «ጥሩ የማንጎ ዓመት» የሚል ልብ ወለድ አወጣች። የመጀመሪያውን ቅጂ አገላብጣ ሳትጠግብ አሳታሚዋ ካዚ ሳሄብ፣ «መጻፉን ጽፈሻል፣ አሁን ደግሞ ቁሚ» አላት። እሷም ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዳ፣ ደህና ሳሪዋን ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ አበባ ሰክታ አውደ ርዕዩ ውስጥ በካዚ ሳሄብ የመሸጫ ዳስ በር ላይ ቆመች።

መቆም ሲባል ዝም ብሎ መቆም እንዳይመስላችሁ። ፈገግ ማለት አለ። ፌስቡክ ላይ በየቀኑ «ዛሬም ዳሳችን ውስጥ ነኝ፣ ብቅ በሉ» ብሎ መለጠፍ አለ። አላፊ አግዳሚው መጽሐፉን ያነሳል፣ ጀርባውን ያነባል፣ ይመልስና የምግብ አሠራር መጽሐፍ የት እንደሚሸጥ ይጠይቃታል። አብራት የተማረች አንዲት ሴት መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስደግፋ ፎቶ ተነሳች፣ «የኛ ኩራት» ብላ ለጠፈች፣ መጽሐፉን እዚያው ትታ ፉችካ ልትበላ ሄደች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በአክብሮት አስፈርመዋት ሲያበቁ ፊርማውን አዩና «ውይ፣ ሌላዋ መስለሽኝ እኮ ነው» አሏት። ደስ ያሰኛት አንድ ነገር ቢኖር፣ ካዚ ሳሄብ ወደ ራጅሻሂ የላካቸው አስር ቅጂዎች በሁለት ቀን ማለቃቸው ነው። የአገሬ ሰው አልረሳኝም ብላ ተኩራራች።

ይህን ሁሉ በሳቅ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ምዕራፍ አስራ አንድን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መህጃቢን እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት የአባቷ እህት፣ ፉፑዋ ናት። ፉፑ እንደ ማንኛችንም ሁለት ስም አላት፣ አንዱ ለመንግሥት አንዱ ለቤት። መታወቂያዋ ላይ አንዋራ ኻቱን ነው የሚለው፤ ቤትና ሰፈር ውስጥ ግን ሁሉም ቱኒ ይላታል። የዛሬ ስድስት ዓመት የመህጃቢን እጮኛ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ጥሏት ሲሄድ፣ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አልበላም አልጠጣም አለች። ያኔ ቱኒ ፉፑ በሩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በሕይወቷ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት።

በተጋባች በሦስተኛው ዓመት ነው። ባሏ በባቡር ሥራ ሩቅ አገር ነበሩ። እሷ ለአማቷ «ልጅ እንዲሰጠኝ ከቅዱሱ መቃብር ሻማ ላበራ ነው» እያለች፣ በየሐሙሱ ፓድማ ወንዝ ዳር ከአንድ መምህር ጋር ትገናኝ ነበር። አንድ ሐሙስ አብረው ሊጠፉ ተቃጥረው ልብሷን ቋጥራ ወጣች። ጀልባው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ሰውየው ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሲመሽ ቋጠሮዋን ታቅፋ ወደ አማቷ ቤት ተመለሰች። «ይህን የምነግርሽ የተተውሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ ነው» አለቻት። መህጃቢን ያን ዕለት ተነስታ እህል ቀመሰች።

እና ይህችው ልጅ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ጻፈችው። ልብ ወለዱ የማንጎ እርሻ ስለተካፈሉ ወንድማማቾች ነው፤ ምዕራፍ አስራ አንድ ላይ ግን አንዲት ሴት ብቅ ትልና ቋጠሮዋን ታቅፋ ጀልባ ትጠብቃለች። ከተማውን ለውጣለች። ዘመኑንም ለውጣለች። መምህሩን መድኃኒት ሻጭ አድርጋዋለች። ስሙን ግን አቃታት። ሩቂያ ብላ ሞከረች፣ ሳልማ ብላ ሞከረች፤ ሴትየዋ ካለችበት ንቅንቅ አልል አለች። ቱኒ ስትላት ጊዜ ብድግ ብላ ሄደች። መህጃቢንም የቤት ስም ነው፣ የትም አልተጻፈ፣ ዳካ ላይ ማን ያውቀዋል ብላ ራሷን አታለለች። አይ አስተማሪ፣ መጽሐፍ ዞሮ ዞሮ ቤት እንደሚገባ እንዴት ይጠፋታል።

ቱኒ ፉፑ ማንበብ አትችልም። የሚያነቡላት ባሏ ናቸው፤ የፉፑ ባል ፉፋ ይባላል። ሞተሌብ ፉፋ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ናቸው፤ ከሰዓት ከሚሰገደው የአስር ሶላት በኋላ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነቡላታል፣ እሷ ደግሞ የምታኝከውን የፓን ቅጠልና ፍሬ በመቁረጫ እያዘጋጀች ትሰማለች። የመህጃቢን መጽሐፍ ሲወጣ ጋዜጣው ቀረ። በቀን አንድ ምዕራፍ ሆነ። በየማታው ዳካ እየደወሉ የት እንደደረሱ ይነግሯታል፤ አራትን ጨረስን፣ ፉፑሽ ትልቁን ወንድም ስትረግም ዋለች ይሏታል። ስድስት አሉ። ሰባት አሉ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የቀሩትን ምዕራፎች በጣቷ ትቆጥራለች።

ስምንትን የጨረሱ ዕለት ድምጿን አለስልሳ፣ «ፉፋ፣ አስራ አንድን ይዝለሉት፣ አሰልቺ ነው፣ እኔም ራሴ አልወደድኩትም» አለቻቸው።

ፉፋም «እናያለን ልጄ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ምዕራፍ አስራ አንድ የሚነበበው ቅዳሜ ሊሆን ነው። ቅዳሜ ደግሞ ካዚ ሳሄብ ወር ሙሉ የለመናቸው የቴሌቪዥን ሰዎች ሊመጡላት ነው፤ አስራ አምስት ደቂቃ ለብቻዋ፣ ስንቱ ደራሲ ዕድሜውን ሙሉ የማያገኛት። ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። የአንድ ሰፈር ሰው ብቻ የሚያውቀው ስም ነው ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ከሰፈሩ አንዱ ባልየው እኮ ነው ትላለች። ፉፋ ያንን ምዕራፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሚስታቸው ሲያነቡ፣ «ቱኒ» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ የፉፑ እጅ ሲቆም ይታያታል። ቅዳሜ ሲነጋ ለካዚ ሳሄብ ደውላ ወደ ቤት ልትሄድ እንደሆነ ነገረችው። ሰው ሞተ እንዴ ቢላት «ገና ነው» አለችው። ሁለተኛ መጽሐፍ ይዘሽ ደጄ እንዳትመጪ ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ባቡር ላይ ቦርሳዋ ውስጥ አዲስ ምላጭ ነበር። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ምዕራፉን ከሥሩ ቆርጣ ታወጣዋለች፣ ፉፋ ሲፈልጉት የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው ትላለች። መንገዱን ሙሉ ራሷን እጅ ነካሽ እያለች ስትሰድብ ሄደች። ልታጽናናኝ ብላ ጉዷን አወጣችልኝ፣ እኔ አደባባይ ላይ ሰጣሁት አለች። እንባዋ መጣ፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሐዘን ላይ ያለች መስሏቸው ብርቱካን ልጠው ሰጧት።

ቤት ስትደርስ ፉፋ ከመስጊድ አልተመለሱም። ፉፑ ጓዳ ሆና የሩዝ ቂጣ በእንፋሎት ታበስላለች። መጽሐፉ በረንዳው ወንበር ላይ ተቀምጧል። መህጃቢን ድምጿን አጥፍታ፣ ምላጯን አውጥታ፣ ምዕራፍ አስራ አንድን ገለጠች።

ገጹ በእርሳስ ተሞልቷል። ቱኒ የሚለው ሁሉ በቀጭን መስመር ተሰርዞ፣ በላዩ በዚያ በጣቢያ ጸሐፊ ጥንቁቅ ጽሕፈት «ሩቂያ» ተብሏል። ሐሙሱ ሰኞ ሆኗል። መድኃኒት ሻጩ ወንድሟ ሆኗል። ቋጠሮው የጣፋጭ ቅርጫት ሆኗል። የቀረው ተከቦ፣ ዳሩ ላይ «አይነበብም» የሚል ተጽፎበታል። መህጃቢን ያን ጊዜ ነው የጋዜጣው ነገር ትዝ ያላት። ልጅ ሳለች ፉፋ ጠዋት ጋዜጣውን ለብቻቸው አንብበው፣ ሕፃን የሞተበትን፣ ጀልባ የሰጠመበትን ወሬ በእርሳስ ያጥሩ ነበር፤ ከሰዓት ለፉፑ ሲያነቡላት ያንን ይዘሉታል። ይህን እያወቀች አድጋ ረስታዋለች።

«ከፈለግሽ ቁረጪው» አሉ ፉፋ ከኋላዋ። «እኔ የላክሽልን ዕለት ጨርሼዋለሁ።»

ምላጩ ከእጇ ወደቀ። እግራቸው ላይ ልትደፋ ስትል ትከሻዋን ያዟት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጽሐፍ ቤቱ የመጡትን አስር ቅጂዎች እሳቸው እንደገዟቸው፣ ሳጥን ውስጥ እንደቆለፉባቸው ነገሯት። ሌላ ጊዜ ሲታተም ስሟን እንድትለውጠው አደራ አሏት። መህጃቢን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ያን ሐሙስ ማታ ሳላስበው ፈቃድ ሰጥተውኝ ቤት መጥቼ ነበር» አሉ። «ቋጠሮውን አልጋው ሥር አየሁት። ምንድነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳልጠይቅ ኖርኩ። መልሱን አንቺ ጻፍሽልኝ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ምን ላድርግ ብትላቸው መጽሐፉን አንስተው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«ዛሬ አንቺ አንብቢላት» አሉ። «የኔ ዓይን ደክሟል። በእርሳሱ ሂጂ።»

ፉፑ እጇን በሳሪዋ እየጠረገች ወጣች፣ መህጃቢንን ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ደራሲዋ ራሷ ልታነብልኝ ነው ብላ ጎረቤት ልትጠራ ስትል ፉፋ አስቀሯት። መህጃቢን አነበበች። ወንዙ ላይ ስትደርስ የፉፑ የፓን መቁረጫ ቆመ። መህጃቢን ቀና ሳትል የፉፋን ጽሕፈት ተከትላ ሄደች፤ ሩቂያ አለች፣ ሰኞ አለች፣ ወንድሟ አለች። አራት ዓመት ከጻፈችው ሁሉ ይህን ያህል የከበዳት ገጽ አልነበረም። ጀልባው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ወንድምየው ሳይመጣ ቀረ፣ ሴትየዋ ጣፋጩን ለጀልባ ቀዛፊው ሰጥታው ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይህቺን የመጨረሻዋን ፉፋ ከራሳቸው ነው የጨመሯት።

ሲያልቅ ፉፑ መህጃቢንን በዓይኗ ጠቅሳ ጓዳ አስገባቻትና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ወንዙ ሲመጣ ልቤ ቆሞ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ወንድሟ ነው ስትይ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጽሐፍ ጻፈች ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ጉዴን አወጣችው ብዬ ነው። ፉፋሽ ገጽ በገለጠ ቁጥር ስንቀጠቀጥ ነው የሰነበትኩት። አንቺ ግን በሆድሽ ይዘሽልኛል። ጠርጥሬሽ ነበር ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

መህጃቢን አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር ዛሬም አታውቀውም። ፉፑ ከትኩሱ ቂጣ ቆርሳ፣ በእፍታ አብርዳ አጎረሰቻት። በረንዳው ላይ ፉፋ እርሳሳቸውን ሲቀርጹ ይሰማል። መህጃቢን ጉርሻውን አላመጠችው፣ አላመጠችው፣ አልዋጥ አላት።