ጌጃ ሰፈር ውሃ የሞላችው ጀልባዬ

ይህ የሆነው አምና በግንቦት ልደታ ዕለት ነው። ዛሬም ጀልባዬን ወደ ሐይቅ ሳስገባ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእትዬ ዘነበች ቁጣ ስለሆነ፣ እንደሆነው ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው ጌጃ ሰፈር፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። አነስተኛ የሞተር ጀልባ አለችኝ። ቀፎዋን ከአንድ የተዘጋ መዝናኛ ገዝቼ፣ ቪዲዮ እያየሁ ስንጥቋን በፋይበር ግላስ እየለጠፍኩ ነው ያዳንኳት። ሐሳቤ ዝዋይ ወስጄ ሰው ማንሸራሸር ነበር። ሞተሩን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ጀልባዋ ግን አልጋ ሥር ስለማትገባ ግቢው መሃል ተቀመጠች።

የግቢው ባለቤት እትዬ ዘነበች እስከ ልደታ ታገሡኝ። በእኛ ሰፈር የልደታ ንፍሮ ደጅ ተቀቅሎ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ነው የሚበላው።

«ቢኒዬ፣ ለልደታ የት ልንቀመጥ ነው? ጀልባህ ላይ ተሳፍረን?» አሉኝ። «በቃ፣ አንሳልኝ።»

ቦታ ፍለጋ ጀመርኩ። ሰንጋ ተራ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሄጄ ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«ታርጋዋ ስንት ነው?» አለኝ።

«ታርጋ የላትም፤ ጀልባ ናት።»

«ሞተር አላት?»

«አላት፤ አልጋዬ ሥር ነው።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ዕቃ ናት። ዕቃ አናሳድርም» ብሎ በሩን ዘጋው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ቦታ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ግን ሐይቅ በሄድኩ ቁጥር የጭነት መኪናና ተሸካሚ ሊያስፈልገኝ ነው። ስለዚህ ዋዜማው ላይ ዝዋይ ወረድኩ። ያየሁት የመጀመሪያው ቦታ ርካሽ ነበር፤ ዳርቻው ግን ደንገልና ጭቃ ነው። ጀልባ በገባች በወጣች ቁጥር ስድስት ሰው ሊጎትታት ነው። ሁለተኛው የጋሽ ቱሉ ቦታ ነው። ጋሽ ቱሉ ሐይቁ ዳር ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ አላቸው፤ ከዳሱ እስከ ውሃው ድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት አለ። ጀልባዋን ክብ እንጨት ላይ አድርጎ ሁለት ሰው ያንሸራትታታል። ድንጋዩ የት ላይ እንደሚያልቅ ለማወቅ ሱሪዬን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ጋሽ ቱሉ ዳር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ጀልባ ልታስገባ ነው ወይስ ልትጠመቅ?» አሉኝ።

ቦታውን ወደድኩት። እሳቸው ግን ሌላም ጠያቂ ነበራቸው። «ነገ ካላመጣሃት ለሰውዬው እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ቦታ በቀር ሌላ ስላልነበረኝ፣ አይሱዙ ላለው ለጀማል ደውዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ ግቢያችን በር እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። እዚያው አደርኩ።

ስለ ጀልባዋ ምንም አልሰጋሁም። ከኋላዋ ግርጌ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አላት። ደረቅ ቦታ ስትቀመጥ አፍንጫዋ ከፍ ብሎ የቀዳዳው መድፈኛ ቡሽ መነቀል አለበት፤ ዝናብ ቢገባ በዚያ ይወርዳል። እኔም አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀምጬ፣ ሸራ አልብሼ፣ ቡሹን ነቅዬ ኪሴ ከትቼ ነበር የሄድኩት። ዝዋይ ላይ በየደቂቃው ኪሴን እየዳሰስኩ «አለ» እላለሁ።

በማግስቱ ከጀማል ጋር ግቢ ስንገባ ሸራው ተገልጧል። ጀልባዬ እስከ አፏ ውሃ ሞልታለች። አንድ የፕላስቲክ ጆግ እየተንሳፈፈባት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበር። የልደታ ዋዜማ ማታ ድንገት መጣ። ግቢው በርሜሉን ሞላ፣ ጀሪካኑን ሞላ፣ ድስቱንም ሞላ። ውሃው አሁንም ይወርዳል፤ መያዣ ግን አለቀ። ያን ጊዜ ሁሉም ዞር ብለው ጀልባዬን አዩ።

«ቢኒዬ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉ እትዬ ዘነበች። «አንተ ባትኖር በምን እንይዘው ነበር?»

«እትዬ ዘነበች፣ ይቺ እኮ ጀልባ ናት።»

«እናውቃለን። በሳሙና አጥበናታል።»

ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ወልዴ ደረታቸውን ነፍተው መጡ። «ቀዳዳ ነበረባት፤ ደፍኜልሃለሁ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የበቆሎ ቆሮቆንዳ በፌስታል ተጠቅልሎ ቀዳዳው ውስጥ ተወትፏል። በልክ የተቆረጠ ይመስል ጥብቅ ብሏል። እጄ ኪሴ ውስጥ ቡሹን እንደጨበጠ ቀረ።

ጀማል ጀልባዋን ዞሮ አያት። «ወንድሜ፣ ጀልባ ብለኸኝ ነው የመጣሁት። ይሄ ቦቴ ነው።»

ቆሮቆንዳውን ልነቅል እጄን ስሰድ እትዬ ዘነበች ጮኹ።

«ተው! ለልደታ የተቀዳ ውሃ መሬት ላይ ልታፈስ?»

«ዛሬ ካላደረስኳት ቦታዬን አጣለሁ! አንሳልኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አንሳ ያልኩህ ባዶዋን ነው። ደግሞ ልንገርህ፤ ጀልባህ ታፈሳለች። ሌሊቱን ስንት ውሃ አስፈሰሰችብን!»

ይሄኛው ክብሬን ነካው። «ጀልባዬ አታፈስም!» አልኩ። በዚያ ግቢ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ወልዴ ወደ ኋላዋ ጠቆሙኝ። ጠብታ የሚያጠራቅም የቲማቲም ጣሳ ሥሯ አስቀምጠዋል። ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ተንበርክኬ አየሁት። የሚያፈሰው ሞተሩ የሚታሰርበትን ብረት ከያዙት ብሎኖች የታችኛው ነው። ሰው ተሳፍሮባት፣ ሞተር ታስሮባት ኋላዋ ዝቅ ሲል ያ ብሎን ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው። አሁን ውሃ የሚያስወጣው የብሎኑ ቀዳዳ ሐይቁ መሃል ቢሆን ውሃ ያስገባ ነበር። እኔ ደግሞ ዋና ብችልም ገና ከዳር ብዙ አልርቅም።

ለጋሽ ቱሉ ደወልኩ። «ዛሬ አልመጣም፤ ጀልባዋ ታፈሳለች» አልኳቸው።

«ውሃ ላይ ሳትወጣ በምን አወቅህ?»

«የግቢያችን ሰዎች ውሃ ሞሏት።»

ሳቃቸው መጣ። «ሰው ጀልባውን ውሃ ውስጥ ይከታል፤ እናንተ ውሃውን ጀልባ ውስጥ ትከታላችሁ? በል ሰውዬውን በሆነ ነገር አቆየዋለሁ። ጠግነህ ቅዳሜ አምጣ።»

እኔም ውሃውን ማፍሰሱን ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ጎረቤት ሁሉ ጀልባዋን ከብቦ ተቀመጠ፤ ውሃ የፈለገ ከውስጧ እየጨለፈ ይሄዳል። ጀማልም «ጭነት ብዬ መጥቼ ንፍሮ ጫንኩ» እያለ አብሮን ቆረጠመ። እኔ ግን ዓይኔን ከብሎኑ አልነቀልኩም። ውሃው ከሱ በታች ሲወርድ ጠብታው ቆመ። ጥፋተኛው እሱ ብቻ መሆኑን አረጋገጥኩ።

ምርቃት ላይ እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። «ጀልባህን ውሃ የማታስገባ ያድርግልህ» አሉ።

«አሜን!» አልን።

«ውሃ የማታስወጣም ያድርጋት!»

ከሁሉ የበለጠ አሜን ያሉት ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ብሎኑን አውጥቼ፣ ሲሊኮን ቀብቼ፣ መልሼ አሰርኩት። ቅዳሜ ወሰድኳት፤ አልሰጠመችም። ዛሬ በጋሽ ቱሉ ዳስ ሥር አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ትቀመጣለች። ወደ ሐይቁ ከመንሸራተቷ በፊት ሁልጊዜ ውሃ እሞላባትና ዙሪያዋን እየዞርኩ አያለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያ ቆሮቆንዳም ወንበሯ ሥር መጠባበቂያ ሆኖ አለ።

በዚያ ቀን መናደዴ አሁን ያስቀኛል። ጀልባዬን ባይነኩብኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው ይሆን ነበር፤ ርዕሱም ሌላ።

ዘንድሮ ልደታ ሲቃረብ ውሃ እንደገና ጠፋ። ዝዋይ ሳለሁ እትዬ ዘነበች ደወሉ። «ቢኒዬ፣ ጀልባዋ ለበዓል አትመጣም?» እሷን ማምጣት ስላልቻልኩ ትልቅ በርሜል ገዝቼ ገባሁ። እትዬ ዘነበች ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ ውስጡንም አጎንብሰው አዩ።

«ደህና ነው» አሉኝ፤ «ግን እንደሷ አይሆንም።»