ድምፁ ጎላ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ

ዲላ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጠው ሀጅራ፣ ይህን ሰውዬ በዚህ ሳምንት ስታየው ለአራተኛ ጊዜ ነው። ከጪጩ በባጃጅ እየመጣ የአሮጌ ቤቱን መስመር ራሱ ይቀይራል። ቴስተሩን እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቷል፤ ለማጅ መሆኑን ግን አውራ ጣቱ ላይ የጠመጠመው ናስትሮ ይናገራል። ዛሬ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

«ምን ፈልገው ነው ጋሼ?»

«ድምፁ ጎላ የሚል። ገመድ አይገባበትም።»

«ታዲያ ምን ሊሠራልዎት?»

«የድሮው ቦታ ላይ ልገጥመው ነው። አዲሱን በሩ አጠገብ አደረግኩት፤ እናቴ ደግሞ መብራት ሳታጠፋ አትተኛም። የድሮውን ቦታ ስትዳብስ ታመሻለች።»

«አዲሱን ለምን አያሳዩዋቸውም?»

«ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል» አለ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የተጠየቀ ይመስል።