ስውራኑን የሚይዝ ሕግ

ወንድሜ አገር ሲፈጥር ለጉድ ነበር። ቤታችን ከጉለሌ ወደ ባሕር ዛፉ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ከጀርባው ያለው ቀይ አፈር ላይ በእንጨት ወንዝ ይቆፍራል፣ በጠጠር ከተማ ይቆረቁራል፣ ከዚያ እናንተ እነማን ናችሁ ይለናል። ተጫዋቾቹ እኔና የጎረቤታችን መንትያ ወንዶች ነን። እሱ አሥራ ሰባት ሊሞላው ነው፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ። ከመንትዮቹ አንዱ ነጋዴ ሆነ፣ አንዱ የጦር አለቃ። ንጉሡም፣ ዝናቡም፣ ጅቡም ወንድሜ ነው። የምናደርገውን በአፋችን እንናገራለን፣ እሱ ቆርኪ ይወረውራል፤ ጽሑፉ ወደ ላይ ከሆነ ተሳካልን፣ ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ ጉዳችን ፈላ።

እኔ ስውር እሆናለሁ አልኩ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ለሰው ዓይን የማይታዩ ስውራን አሉ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እናቴ በቅዱስ ነገር አትቀልዱ ብላ ተቆጣች። ወንድሜም የእኛዎቹ ጸሎት የማያውቁ ተራ ሕዝብ ናቸው፣ ካሉበት ጠፍተው ሌላ ቦታ ብቅ ከማለት በቀር ሙያ የላቸውም ብሎ አባበላት።

ሳምንት ሳይሞላ አገሩን አፈረስኩት። ነጋዴው መጋዘኑን ቆልፎ ይሄዳል፣ እኔ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። የጦር አለቃው በር ላይ ዘብ ያቆማል፣ እኔ ከኋላው ቆሜ እስቃለሁ። ኬላ ቢሉ፣ ግንብ ቢሉ፣ እስር ቤት ቢሉ ለእኔ ምኔም አይደለም። መንትዮቹ አኮረፉ፤ እውነታቸውን ነው። ቁልፍ በማይሠራበት አገር ነጋዴ ምን ይነግዳል? ወታደርስ ምኑን ይጠብቃል?

ወንድሜ ግን ስውራኑን አላጠፋም፣ አገሩን መልሶ ሠራው። መጀመሪያ፣ ስውር የሚሄደው ዓይኑ ወዳየው ቦታ ብቻ ነው አለ። በማግስቱ የነጋዴው ከተማ አንድም መስኮት አልነበረውም። መንገዱ ሁሉ ጠማማ ሆነ፣ ገበያው ጣሪያ ለበሰ፣ ሀብታሙ ሁሉ ግንቡን ትቶ መጋረጃ ይገዛ ጀመር። ሕዝቡ በእኛ የተነሳ ፀሐይ ሳያይ ይኖራል፣ ስለዚህም ይጠላናል። እኔ ነገረኛዋ ደስ አለኝ፤ መጠላት ጌጥ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ አንዴ ከተሰወረ ትንፋሹን እስኪሰበስብ አይደግምም አለ፤ እሱንም ቻልኩበት። በመጨረሻ ስውር ሌላ ሰው ይዞ መሄድ አይችልም አለ። ምን ቸገረኝ አልኩ።

በሚቀጥለው ቀን ንጉሡ የስውሯን እናት ጉድጓድ ውስጥ አስገባት። እናትየው ስውር አይደለችም። እጅሽን ካልሰጠሽ ውሃ ይለቀቅባታል አለኝ፣ የንጉሡን ድምፅ ትቶ በራሱ ድምፅ። ይሄ ማጭበርበር ነው ብዬ ጮህኩ። ቆርኪ ወርውር አልኩት፤ ለዚህ ቆርኪ የለውም አለኝ። እልኸኛ ነበርኩና አልመጣም አልኩ። በጣሳ ውሃ ቀድቶ ጉድጓዱን ሞላው። ያን ቀን አልቅሼ አልቅሼ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። መንትዮቹ ጨዋታው ገና አሁን ጣፈጠ አሉ።

ክረምቱ እንዳለፈ አፈሳው ሰፈራችን ገባ። ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው የደረሰንም ያልደረሰንም ወንድ ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ፣ ከአልጋው እያነሱ ይወስዱታል። ወንድሜ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለችው የአባቴ እህት ቤት ተደበቀ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እናታችን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ነው ያሳደገችን። የአብዮት ጥበቃዎቹ እሱን ፈልገው ፈልገው ሲያጡት እሷን ወሰዷት። ልጁ ሲመጣ ትለቀቃለች አሉ፣ በቃ። ከወሳጆቹ አንዱ በየበዓሉ ቤታችን የሚበላ ሰው ነው። ነጠላዋን እስክትለብስ እንኳ አልጠበቃትም።

ምግብ የማደርስላት እኔ ሆንኩ። ያስቀመጧት ቀበሌው ግቢ ባለ የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እርጥብ። እናቴ ደግሞ አስም አለባት። ዘቡ ወጡን በእንጨት አማስሎ ፈትሾ ሲያሳልፈኝ እጄን ሳብ አድርጋ ጆሮዬ ሥር ተጠጋች።

"አትምጣ ብላሃለች በይው። እኔን አይበሉኝም። ደህና ናት በይው።"

ይቺን ለመናገር ትንፋሿ ስንቴ ተቆረጠ።

ቅጠል ለቃሚ መስዬ ጆንያ ይዤ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ወንድሜን ከበረቱ ጀርባ አገኘሁት። ቃሏን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። አትምጣ ብላሃለች፣ እኔን አይበሉኝም ብላለች፣ ደህና ናት። ደግሜም ነገርኩት። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው።

"ያፍናታል?"

አያፍናትም ልል ፈለግሁ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያን የጉድጓዱን ሕግ ካንተ ሰምተው ነው እንዴ አልኩት፤ ልጅ ነኝ፣ የእውነት መስሎኝ ነበር።

"ከኔ አልሰሙም" አለኝ። "የክፍላችንን ልጅ አባቱን አስረው ሲያስመጡት አይቼ ነው።"

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቀበሌው በር ላይ መጣ። እኔ ሳህኔን ይዤ እዚያው ነበርኩ። እሱ እጁን ሲሰጥ እሷን አወጧት፤ በሩ ላይ ተገናኙ። ሊስማት ጎንበስ ሲል በጥፊ አጮለችው።

"ማን ና አለህ?"

ዘቦቹ ሳቁ። ወንድሜ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ገፍተው አስገቡት። ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ጋር ጭነው በአዲሱ ገበያ በኩል ወሰዱት።

ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋች ወደ እኔ ዞረች። ነገርሽው ወይ አለችኝ። ነገርኩት አልኩ። ምን ብለሽ አለች፣ ቃል በቃል ደገምኩላት። ውሸታም አለችኝ። ልጄ ቃሌን አይጥልም፣ እናቴ ትምጣልኝ ብለሽ አንቺ ነሽ የሸጥሽው አለችኝ። ብምልላት፣ ብገዘትላት ወይ ፍንክች።

ወንድሜ ከሰሜኑ ጦርነት አልተመለሰም። መንግሥት ሲለወጥ ከሰፈሩ ልጆች አንዳንዶቹ ገቡ፣ ኋላ ከታፈሱት መንትዮች አንደኛውም ገባ፤ እሱ የለም። እናቴ ብዙ ዘመን ኖረች፣ እኔው ቤት። ልጆቼን አሳደገችልኝ፣ ታማ አስታመምኳት፣ ስንስቅም እንስቃለን። ለቅሶ ቤት ሰው ስለ ልጇ ሲያነሳባት ግን እህቱ ናት ያስያዘችው ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። እንድትፈታ ፈልጌ ነበር። እንዲመጣ ፈልጌ ነበር፣ ይሄን አልክድም። ግን ነግሬዋለሁ፣ እግዜር ያውቃል ነግሬዋለሁ።

ልትሞት ሰሞን፣ ራሷን ሳትስት፣ ሌላ ጊዜ የለኝም ብዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ፣ ያን ጊዜ እኮ ያልሽኝን ሁሉ ነግሬው ነበር አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቴን ዳበሰችኝ። ተመስገን፣ አመነችኝ አልኩ በሆዴ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ።