እንቁላል የሌለው የኮሪያ እንቁላል

ኦክላንድ አፕታውን ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የኮሪያ ምግብ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ማጠብና መክተፍ ነበር። ምድጃው ላይ የምትቆመው የቤቱ ባለቤት ብቻ ናት። በዕድሜ ስለምበልጣት «ኡኒ» ትለኛለች፤ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። ታላቅ እህት ብትለኝም እሳቱን ግን አታስነካኝም።

ደንበኛ ሁሉ የሚያዝዘው ግዬራንጂም የሚሉትን ምግብ ነው። እንቁላል ከባሕር ቅጠል መረቅ ጋር ይመታና በትንሽ ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ይበስላል። ጎድጓዳ ሳሕን ይደፋበታል፤ ሳሕኑ ሲነሣ ምግቡ ከማሰሮው አፍ በላይ እንደ ቆብ ተነፍቶ ይታያል። ካልተነፋ፣ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ባለቤቷ ለሰው አታቀርበውም።

ባለፈው ሁዳዴ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ ለቪጋን፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ፈጽሞ ለማይበላ ሰው፣ የሚሆን እንዳለ ጠየቀ። የለም ተባለ። በማግስቱ ሌላ ሰው ጠየቀ። ባለቤቷ ከአኩሪ አተር በሚሠራው አይብ መሰል ቶፉ ብቻ ሞከረችው፤ ማሰሮው ውስጥ ተኝቶ ቀረ።

«እኔ ልሞክረው» አልኳት። የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው።

ሳቀች። «አንቺ? የዓመቱን ግማሽ ከእንቁላል ስትሸሺ የምትኖሪ ሴት?»

«ስለምሸሸው ነዋ!»

«እሺ ኡኒ። ከማሰሮው አፍ ካለፈ ጾማችሁ እስኪያልቅ ምድጃው ያንቺ ነው። ካላለፈ ግን ሁለተኛ ስለ ምድጃ እንዳታነሺብኝ።»

ለማንም አልነገርኩም እንጂ ምድጃውን እፈልገው ነበር። የዚያን ቀን ፌርማታው ላይ ቆሜ የምሳፈርበት አውቶቡስ መጥቶ ሲያልፍ አላየሁትም።

እናቴ በጾም የሽምብራ ዓሣ ትሠራ ነበር። የሽምብራ ዱቄት ታቦካና በዓሣ ቅርጽ ቆርጣ ትጠብሰዋለች፤ ከዚያ ወጥ ውስጥ ይገባል። ሽምብራ ዓሣ ከሆነ እንቁላል የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

ቤት የሠራሁትን የመጀመሪያ ሙከራ ልጄ ከሥራ ስትገባ ቀመሰችው። «እማዬ፣ ሽሮ ነው እኮ። ጥሩ ሽሮ ነው፣ ግን ሽሮ ነው» አለች። ሁለተኛው ደረቀ። በሦስተኛው ዱቄቱን ቀንሼ ለስላሳ ቶፉ ፈጨሁበት፤ ለኬክ የሚገባውን ቤኪንግ ፓውደርም ጨመርኩ። ተነሣ! ልጄን ከሳሎን ጠራኋት፤ እስክትመጣ ግን ወረደ።

«አየሁት በይኝ» አልኳት።

«አየሁት፣ እማዬ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ።

የቀረው የእንቁላሉ ሽታ ነበር። ልጄ የምትሠራው ሕንዶች በሚበዙባት ፍሪሞንት ከተማ ነው፤ ሕንዳዊት የሥራ ባልደረባዋን ጠይቃ ከሕንዶች ሱቅ ጥቁር ጨው ገዝታ መጣች። ጥቁር ይባል እንጂ ሲፈጭ መልኩ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ክዳኑን ስከፍተው የተቀቀለ እንቁላል ሽታ ኩሽናውን ሞላው። ልጄ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ደግሜ አሸተትኩት።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ ባለቤቷ እጇን አጣምራ እያየችኝ ሠራሁ።

«ጨዉን ቅመሺው እንጂ!»

«ሰዓቱ አልደረሰም። በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም።»

«ሳትቀምሺ ነው የምታበስዪው?»

«ጨው በማሽተት ይታወቃል። እኛ ዘንድ እየጾመ የሚያበስል ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።»

ወደ ጣሪያው ቀና ብላ በኮሪያኛ የሆነ ነገር አለች። ጸሎት አይመስለኝም።

ሳሕኑን ሳነሣው ምግቡ ከማሰሮው አፍ ሁለት ጣት ያህል አልፏል። ባለቤቷ አንድ ማንኪያ ወሰደች፤ ሌላም ወሰደች። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፍታ እንቁላሎቹን መቁጠር ጀመረች።

«ሰርቄ መሰለሽ?»

«ሃምሳ ስምንት» አለች። «ጠዋትም ሃምሳ ስምንት ነበር።» ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝ። «በይ፣ ነገ ጿሚዎችሽን አምጪ። ከበሉት ምድጃው ያንቺ ነው።»

ቅዳሜ የማኅበሬን ሴቶች ይዤ መጣሁ፤ ስድስት ናቸው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ ስለሌለ ለምሳ ተቀመጡ። ማሰሮዎቹን ፊታቸው ደርድሬ ሳሕኖቹን አነሣሁ። ሁሉም ተነፍተው ወጡ። ከዚያ ሽታው ወጣ።

ማንኪያ ያነሣ የለም።

«ይሄ እንቁላል ነው» አሉ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት።

«ሽምብራ ነው፣ እትዬ።»

«ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ አላረጀም። በሁዳዴ እንቁላል ልታበዪን ነው?»

«እሷ ምን ታድርግ፣ ሴትዮዋ ደባልቃባት ይሆናል» አለች ሌላዋ።

ባለቤቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አማርኛ አታውቅም፤ ያልተነካ ማንኪያ ግን ታውቃለች። እንቁላል ለማስመሰል ስደክም፣ የሚጾም ሰው እንቁላልን በአፍንጫውም እንደሚሸሸው ረስቼ ነበር። ሌላ ሰው ሠርቶ ቢያቀርብልኝ እኔም አልነካውም።

«ያቺን ትንሽ የጋዝ ምድጃ አምጪልኝ» አልኳት። ጠረጴዛ ላይ ሾርባ የሚፈላባት ናት። ዱቄቱን፣ ቶፉውንና መረቁን ራሴ አወጣሁ። ፊታቸው በጠበጥኩት። ጥቁሩን ጨው ግን አልጨመርኩም፤ በትንሽ ሳሕን አድርጌ እትዬ ፊት አስቀመጥኩት።

«ያሽትቱት።»

አሸተቱና ራሳቸውን ወደ ኋላ መለሱ። «እግዚኦ! ይሄ ምን ጨው ነው?»

«የሕንድ ነው።»

«ሕንዶቹ ምን ቸገራቸው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ሞላ። ሳሕኑን ስደፋበት ሁሉም ወንበራቸውን ሳቡ። ባለቤቷም መጥታ ከኋላዬ ቆመች። እንፋሎቱ በጎን መውጣት ሲጀምር ፎጣውን ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ ራሳቸው ከፈቱት። ከዓርቡም በላይ ወጥቷል! አንዷ እልል አለች፤ በመስኮቱ በኩል የሚያልፉ ሰዎች ዞረው አዩን።

እትዬ አማትበው ቀመሱ። አላመጡ፤ የሚላመጥ ነገር ግን አልነበረውም።

«ለስላሳ ነው» አሉ። «ጨው የለውም እንጂ።»

ጥቁሩን ትቼ ተራውን ጨው መጨመር ረስቼ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ነሰነስኩበት፤ ሌሎቹም ማንኪያቸውን ሰደዱ። እኔም ተራዬን ጠብቄ ቀመስኩ። እውነትም ለስላሳ ነው።

ባለቤቷ እጄን ጎተተችኝ። «ምን ሆነው ነው?»

«ለእኛ ያለ ጥቁሩ ጨው፣ ለቪጋኖቹ ከነጨዉ።»

«ሁለት ዓይነት?»

«ሁለት ዓይነት።»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ኡኒ? አሮጊቷ ሦስት ይጨመር ብላ በጣቷ እያሳየችኝ ነው!»

ወደ ምድጃው ሮጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ።